ዋልብሮ 450 ፓምፕ በኤክሊፕስ ላይ፦ ሽቦውን እንዴት ልስራው? ሪሌውስ ከየት ይነሳ?

ኤክሊፕስ97 (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ወገን። 97 ሞዴል ሚትሱቢሺ ኤክሊፕስ ጂኤስኤክስ ነው ያለኝ፣ 4ጂ63 ቱርቦ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳው። ኦሪጂናሉ ቱርቦ ወጥቶ 20ጂ የሚባለው ትልቁ ገብቷል፣ ኢንጀክተሮቹ 1000 ሲሲ ናቸው፣ የነዳጅ ፓምፑ ደሞ ዋልብሮ 450 ነው። ይሄን ያህል ትልቅ የመረጥኩት ወደፊት ኢ85 (አብዛኛው ኢታኖል የሆነ ነዳጅ) ልሞላበት ስላሰብኩ ነው፣ ኢ85 ከቤንዚን 30 ፐርሰንት ገደማ የበለጠ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ታንኩን ሁለቴ ከምከፍተው አንዴ ይለቅ ብዬ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ዳይኖ (የመኪና ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ እስከ 5000 አርፒኤም ድረስ ኤኤፍአሩ (የአየርና የነዳጅ ምጣኔው) 11.2 ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ ግን ቀስ እያለ ወደ 12.4 ይወጣል፣ ማለትም ነዳጅ ያጥረዋል፣ ቱን የሚያደርገው (የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያስተካክለው) ልጅ ወዲያው እግሩን አነሳ። ቡስቱ (ቱርቦው የሚሰጠው የአየር ግፊት) 20 ፒኤስአይ ነው። ኢንጀክተሮቹ ገና ብዙ ይቀራቸዋል፣ የነዳጅ ፊልተሩም አዲስ ነው። ከፓምፑ ሶኬት ላይ ሁለት ቀጭን ሽቦ ስበን በኋላ ወንበር በኩል አምጥተን ቴስተር ላይ አየነው፣ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት እያለ ፓምፑ ጋ የሚደርሰው 11.2 ብቻ ነው። ሽቦው ፋብሪካ የሰራው ያው የድሮው ነው።

አንድ ጋራዥ ወስጄ ሳሳያቸው "ቀላል ነው፣ ከቁልፉ ላይ ፕላስ ወስደን ዳይሬክት እንሰጠዋለን፣ ከፈለግክም ማብሪያ ማጥፊያ እናደርግልሃለን" አሉኝ። እኔን ግን ልቤ አልተቀበለውም። እና ጥያቄዬ፣ ሽቦው ስንት ጌጅ ይሁን፣ ፊውዙስ ስንት፣ ሪሌውን (በትንሽ ምልክት ትልቁን መስመር የሚያበራውን) የሚያስነሳው ምልክት ከየት ይወሰድ፣ ኔጌቲቩንስ መንካት ያስፈልጋል ወይ? በሌላ ኤክሊፕስ ወይ ኢቮ ላይ የሰራችሁ ካላችሁ ጀባ በሉኝ።

ሚሚ_ቱን (ዴንቨር)

ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ ሳትቆርጥ መለካትህ በጣም ጥሩ ነው፣ አብዛኛው ሰው ፓምፕ ይቀይርና ነዳጅ ሲያጥረው ደግሞ ሌላ ፓምፕ ይገዛል።

ምን እየሆነ እንዳለ ልንገርህ። ያንተ መኪና ፊውል ሬጉሌተር (የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው) የቫኩም ቱቦው ሲነቀል 43.5 ፒኤስአይ አካባቢ ነው የሚይዘው፣ ቡስት ሲመጣ ደሞ አንድ ለአንድ ይጨምራል። ስለዚህ 20 ፒኤስአይ ቡስት ላይ ፓምፑ 63 ምናምን ፒኤስአይ ተቋቁሞ ነው ነዳጅ የሚገፋው። ግፊት ሲጨምር ሞተሩ ብዙ አምፔር ይስባል፣ ብዙ አምፔር ሲስብ ቀጭኑ ሽቦ ላይ የሚጠፋው ቮልት ይጨምራል፣ ቮልት ሲቀንስ ደሞ ፍሰቱ ይወርዳል። ማለትም በጣም በሚያስፈልግህ ሰዓት ነው የሚከዳህ። አይድል (ሞተሩ ሳይረገጥ ሲዞር) ላይ ብትለካው ደህና ነው የሚመስለው። 450ው በዚያ ግፊት 15 አምፔር አልፎ ነው የሚስበው፣ የፋብሪካው ሽቦ ደሞ የተሰራው ከሱ ግማሹን እንኳን ለማይስብ ፓምፕ ነው።

ሂሳቡን በቁጥር እየው፣ የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። 16 ጌጅ ሽቦ 5 ሜትር ሄዶ 16 አምፔር ቢያልፍበት 1 ቮልት ገደማ ይበላል፣ ያውም በአንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ሶኬትና የድሮ ሪሌ ሳይቆጠር። ያንኑ ርቀት በ10 ጌጅ ብትሄደው ሩብ ቮልት ነው። ስለዚህ 10 ጌጅ ግዛ፣ ንፁህ መዳብ መሆኑን አረጋግጥ፣ ርካሹ የድምፅ ሲስተም ሽቦ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው፣ ለዚህ ስራ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን እንድታደርግልኝ እፈልጋለሁ። ያ 2.6 ቮልት የት የት እንደጠፋ ለይልኝ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ፕላስ ላይ ሌላውን የፓምፑ ፕላስ ላይ አድርገህ ፓምፑ እየሰራ የሚያሳይህን ቁጥር ጻፍ፣ ከዛ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይና የፓምፑ ኔጌቲቭ ላይ አድርገህ እንደገና። ፕላሱን ብቻ የሚቀይር ሰው ግማሽ ስራ ሰርቶ ነው የሚሄደው።

ፈጣኑ_ዳላስ

ብሮ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም ባይ ነኝ። እኔ አነስ ያለውን ዋልብሮ 255 ፓምፕ በፋብሪካው ሽቦ ነው የምነዳው፣ ምንም አልሆነም፣ ኤኤፍአሩም ቀጥ ያለ ነው። ፓምፑ ፌክ ሊሆን ይችላል እኮ፣ የዋልብሮ ኮፒ ገበያው ላይ ሞልቷል፣ መጀመሪያ እሱን አጣራ።

ሚሚ_ቱን (ዴንቨር)

ኮፒ መብዛቱ እውነት ነው፣ ማጣራቱም ደግ ነው። ግን ያንተ 255 ከ450ው ግማሽ ምናምን አምፔር ነው የሚስበው፣ ቡስትህም ምናልባት ዝቅ ያለ ይሆናል፣ ስለዚህ ያንተ ሽቦ ቻለ ማለት የሱ ይችላል ማለት አይደለም። ደሞ የሱ ቴስተር 11.2 ነው ያሳየው፣ ፓምፑ ኦሪጂናልም ይሁን ኮፒ በ11.2 ቮልት የተጻፈለትን ያህል አይሰጥም። እነዚህ ፓምፖች የሚለኩት በ13.5 ነው፣ ወደ 12 ስትወርድ እንኳን ከመቶ ከአስር እጅ በላይ ይቀንሳሉ።

አውቶኤሌትሪክ_ሶማሌተራ (አዲስ አበባ)

እንደምን ናችሁ ልጆች። እኔ ያንን መኪና ሰርቼው አላውቅም፣ አዲስ አበባ ላይ ብዙም የለም፣ ግን የነዳጅ ፓምፕ ሽቦ የትም መኪና ላይ ያው ሽቦ ነው፣ ስራዬም እሱ ስለሆነ ስለዚያ "ዳይሬክት" ስለሚባለው ነገር ልናገር።

እዚህ ሰፈር ፓምፑ አልነሳ ያለ ቪትዝ ወይ ኮሮላ ሲመጣ ቶሎ ለማስነሳት ከቁልፉ ፕላስ ወስዶ ዳይሬክት መስጠት የተለመደ ነው፣ መኪናው ይነሳል፣ ባለቤቱ ደስ ብሎት ይሄዳል። ከዛ በኋላ ያለውን ግን ማንም አይነግረውም። ኮምፒውተሩ ፓምፑን የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተሩ መዞሩን በሴንሰር እያየ ነው ፓምፑን የሚያሰራው፣ ሞተሩ ከቆመ ወዲያው ያጠፋዋል። መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋና ቱቦ ቢበጠስ፣ ኮምፒውተሩ የሚያዘው ፓምፕ ይቆማል። ከቁልፍ ዳይሬክት የተሰጠው ግን ሹፌሩ ቁልፉን እስኪዘጋ ድረስ በተበጠሰው ቱቦ ቤንዚን እያፈሰሰ ይቀጥላል፣ ያውም እሱ ራሱን ስቶ ይሆናል። ያንተ ፓምፕ ደሞ በሰዓት 450 ሊትር የሚገፋ ነው፣ በደቂቃ ከ7 ሊትር በላይ ማለት ነው። ልጄ፣ ያንን ነገር እምቢ ማለትህ ትክክል ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያውንም ተወው።

ትክክለኛው አሰራር ይሄ ነው። ኦሪጂናሉን የፓምፕ ፕላስ ሽቦ አትጣለው፣ እሱን ለፓምፑ ጉልበት ሳይሆን ለአዲሱ ሪሌ ማስነሻ ታደርገዋለህ። አዲሱን ሪሌ ኋላ ፓምፑ አጠገብ ታስራለህ። 86 ላይ ያንን ኦሪጂናል ሽቦ፣ 85 ላይ ኔጌቲቭ፣ 30 ላይ ከባትሪ በፊውዝ የመጣውን ወፍራም ሽቦ፣ 87 ላይ ወደ ፓምፑ የሚሄደውን። የሪሌው ጠመዝማዛ ከሩብ አምፔር በታች ነው የሚስበው፣ ስለዚህ ቀጭኑ የድሮ ሽቦ ለዛ በደንብ ይበቃዋል። ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ያዛል፣ ጉልበቱ ግን በአዲሱ መንገድ ይሄዳል።

ባለ አምስት እግር ሪሌ ከሰጡህ መሀል ላይ 87ኤ የሚል እግር አለ፣ እሱ ሪሌው ሳይነሳ ነው ከ30 ጋር የሚገናኘው። በስህተት ፓምፑን እሱ ላይ ከሰካህ መኪናው ቆሞ ሳለ ፓምፑ ይሰራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይቆማል። ባለ አራት እግሩን ግዛና ተገላገል።

ከመቁረጥህ በፊት ደሞ ያንን ኦሪጂናል ሽቦ ፈትነው። ቁልፉን ኦን አድርገህ ሞተሩን ሳታስነሳ ሽቦው ላይ ቮልት ዝም ብሎ መቀመጥ የለበትም፣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ መጥቶ ሊጠፋ ይችላል፣ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል፣ ሞተሩ ሲሽከረከር ግን መምጣት አለበት። ቁልፉ ኦን እስካለ ድረስ የማይጠፋ ከሆነ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ነካክቶታል ማለት ነው፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክል።

በአምፖል ቴስተር ብቻ ደሞ አትፈትን። አምፖሏ የምትስበው ጥቂት ስለሆነች የበሰበሰ ሽቦ ላይም ፏ ብላ ትበራለች።

ኤክሊፕስ97 (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። ሽቦውን ፈተንኩት፣ ቁልፍ ኦን ላይ አይቀመጥም፣ ሲሽከረከር ይመጣል። ሚሚ ያልሽውንም ለካሁ፣ ፕላሱ በኩል 1.7 ቮልት ነው የሚጠፋው፣ ኔጌቲቩ በኩል ደሞ 0.9። ኔጌቲቩ ይሄን ያህል ይበላል ብዬ በጭራሽ አልጠበቅኩም።

ሚሚ_ቱን (ዴንቨር)

አየህ፣ ፕላሱን ብቻ ቀይረህ ቢሆን ኖሮ ያ 0.9 እዛው ይቀርልህ ነበር፣ ምናልባትም ይጨምር ነበር ምክንያቱም ፓምፑ የተሻለ ቮልት ሲያገኝ አምፔሩም ይጨምራል። ኔጌቲቩን በዛው በ10 ጌጅ አጭር አድርገህ እዛው አጠገብ ቦዲው ላይ እሰረው። ቀለሙን ፍቀህ ብረቱ እስኪያበራ፣ የቀለበት ተርሚናል፣ ብሎን፣ ከዛ በላዩ ቀለም ወይ ግሪስ ቀባው እንዳይዝግ። የመቀመጫ ቀበቶ ብሎን ላይ ግን አትሰር፣ ምቹ ሆኖ ይታያል ግን የህይወት ብሎን ነው፣ አይነካም። ባትሪው ከሞተሩ ጋር ፊት ስለሆነ ከባትሪ ኔጌቲቭ ወደ ቦዲ የሚሄደውንም ኬብል እየው፣ ከአካባቢው ደረቅ ነጭ ዱቄት ካለው ቀይረው።

ሌላው፣ ያንተ መኪና ላይ ኮፈኑን ስትከፍት ከኋላ ፋየርዎሉ በኩል የነዳጅ ፓምፕ መፈተሻ የሚሆን ብቻውን የተንጠለጠለ ተርሚናል አለ። ለሱ 12 ቮልት ስትሰጠው ሞተሩ ሳይነሳ የፓምፑ መስመር ይነሳል፣ አዲሱ ሪሌህም አብሮ ይነሳል። ስራህን ከጨረስክ በኋላ ለመለካት በጣም ይመቻል።

እዚህ የሚያነብ የሱባሩ፣ የሱፕራ ወይ የኢቮ ባለቤት ካለ ደሞ ይሄን እንዳለ እንዳይገለብጥ። የሱባሩዎቹ ቱርቦ መኪናዎች ፓምፑን በኮንትሮለር እያቆራረጡ ነው የሚያሰሩት፣ ከኮንትሮለሩ በኋላ ያለውን ሽቦ ለሪሌ ማስነሻ ብትሰጡት ሪሌው ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ሱፕራውም ዝቅተኛ ጉልበት ላይ ቮልቱን ይቀንሳል። የኤክሊፕሱ ግን ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፣ ለዚህ ነው የጋሼ አሰራር ቀጥታ የሚሰራው።

ሻርጃ_ፓትሮል (ሻርጃ)

ሰላም ቤተሰብ፣ እኔ እዚህ ቱርቦ የተደረጉ ፓትሮሎች ላይ ነው የምሰራው፣ ቲቢ48 ሞተር፣ ለአሸዋ። በጋ ላይ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ የነዳጅ ፓምፕ ሽቦ ደካማ ጎኑን ያወጣል፣ ስለዚህ ከታንክ ውስጥ ስላለው ነገር ጥቂት ልጨምር ምክንያቱም ሁሉም ሰው ታንኩ ክዳን ላይ ደርሶ ነው የሚያቆመው።

ከላይ ወፍራም ሽቦ ሰርተህ ክዳኑ ላይ ያለውን የፋብሪካ ሶኬት ካለፍክ በኋላ ወደ ውስጥ እስከ ፓምፑ የምትወርደዋ ሽቦ ቀጭን ናት። እኔ የማየው ብዙ ጊዜ ሶኬቱ ላይ ነው፣ የፕላሱ ፒን ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡኒ ይሆናል፣ ከዛ ይቀልጣል፣ ሰውየው ፓምፑ ተቃጠለ ብሎ ይመጣል። የኋላ ወንበሩን ስታነሳ ሶኬቱን ንቀልና በደንብ እየው፣ ቀለሙ ከተቀየረ ለብዙ አምፔር የሚሆን አዲስ ማለፊያ ክዳኑ ላይ አስገባ።

ታንክ ውስጥ ደሞ ተራ ሽቦ አታስገባ። ተራው የሽቦ ሽፋን ቤንዚን ውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ኢ85 ላይ ደሞ ይብሳል። ቴፍሎን ሽፋን ያለው ወይ ከፓምፑ ጋር የመጣውን ነው የምትጠቀመው። ናስትሮ የሚባል ነገር ታንክ ውስጥ አይገባም፣ ሙጫው ይሟሟና ፊልተሩን ይዘጋዋል። ቱቦዋም እንደዛው ናት፣ ከፓምፑ ወደ ክዳኑ የምታገናኘዋ አጭር ቱቦ ነዳጅ ውስጥ እንድትጠልቅ የተሰራች መሆን አለባት፣ 30አር10 የሚል ተጽፎባታል። ከውጭ የምንጠቀመው የነዳጅ ጎማ ለውስጡ እንጂ ለውጪ ገላው ነዳጅ እንዲነካው አልተሰራም፣ ትንሽ ቆይቶ ይላላል፣ ከዛ ያንን ሁሉ ግፊት ታንኩ ውስጥ ይለቀዋል፣ አንተም ሽቦውን ትጠረጥራለህ።

ወፍራሙ ሽቦ ፋየርዎሉን ሲያልፍ የጎማ ማለፊያ ይኑረው፣ ብረት እንዳይበላው። ፊውዙ ከባትሪው አንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ይሁን፣ ከዛ በፊት ያለው ሽቦ ምንም የሚጠብቀው የለም። በደጃፍ ፕላስቲኩ ስር ስታሳልፈው ቢጫ ሶኬት ካየህ የኤርባግ ነው፣ እሱን አትንካ፣ አብረህም አትሰረው። ከጭስ ማውጫው በኩል በጭራሽ። ታንኩን ስትከፍት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፣ በሮቹን ሁሉ ክፈት፣ የሚሞቅ አምፖል አታስገባ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይኑር። ቤንዚን ትነት መሬት መሬቱን ነው የሚሄደው፣ ከሩቅም እሳት ያገኛል።

ከታንኩ ሩብ በታች ደሞ አትንዳው፣ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ነዳጁ ነው።

ኤክሊፕስ97 (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ የሶኬቱ ነገር በትክክል አንተ እንዳልከው ነው ያገኘሁት፣ የፕላሱ ፒን ዙሪያ ቡኒ ሆኗል። አዲስ ማለፊያ አዝዣለሁ። ፊውዙን ግን ማንም ቁጥር አልነገረኝም፣ 20 ይሁን 30? ሽቦውን ደሞ በብየዳ ነው በመጭመቂያ የማያይዘው?

አውቶኤሌትሪክ_ሶማሌተራ (አዲስ አበባ)

ፊውዝ ሽቦውን ነው የሚጠብቀው፣ ፓምፑን አይደለም። 10 ጌጅ ማለት እኛ 6 ካሬ ከምንለው ትንሽ ያነሰ ነው፣ 30 አምፔር ያለ ችግር ይሸከማል። ፓምፑ 15 አልፎ እየሳበ 20 ብታደርግለት ሙቀት ባለበት ቀን ሊቆርጥብህ ይችላል፣ እሱ ደሞ ሙሉ ቡስት ላይ ከሆነ ሞተሩን ነው የሚገድለው። 30 አድርግ፣ ሪሌውን 40 አድርግ። ውስጥ ታንኩ ላይ ያለችዋ ሽቦ ግን ከዛ ቀጭን ከሆነች ፊውዙ ለሷም መሆን አለበት፣ ስለዚህ ሻርጃ ያለው ልጅ ያለህን ሳትሰራ 30 እንዳታስገባ።

በትክክለኛ መጭመቂያ ፒንሳ ጨምቀው፣ ላዩን በሙቀት የሚጣበቅ ቱቦ አድርግበት። ብየዳ የሽቦውን ጫፍ ያደርቀዋል፣ መኪና ሲንቀጠቀጥ ከዛች ቦታ ይሰበራል። በጥርስ ወይ በተራ ፒንሳ የተጨመቀ ግን ከብየዳም ይብሳል።

ኤክሊፕስ97 (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰርቼ ጨረስኩ። ሪሌው ኋላ፣ ኔጌቲቩ ለብቻው፣ አዲሱ ማለፊያ ክዳኑ ላይ። ዳይኖ ላይ ፓምፑ ጋ 13.3 ቮልት ይደርሳል፣ ኤኤፍአሩም እስከ 7000 ድረስ 11.2 ላይ ቀጥ አለ። ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ፣ አይድል ላይ ነዳጅ ያበዛል፣ የቫኩም ቱቦውን ነቅዬ ግፊቱን ሳየው 58 ፒኤስአይ ነው። በፊት 46 ነበር። ሬጉሌተሩ ኦሪጂናሉ ነው።

ፈጣኑ_ዳላስ

እኔም 255ው ላይ ትንሽ ከፍ ይልብኛል፣ ቱኑ ላይ ቀንሰነው ነው የምነዳው።

ሚሚ_ቱን (ዴንቨር)

ሬጉሌተሩ አልተበላሸም፣ አቅቶት ነው። አይድል ላይ ኢንጀክተሮቹ ምንም ያህል አይወስዱም፣ ፓምፑ የሚገፋው ነዳጅ በሙሉ ማለት ይቻላል በሬጉሌተሩ ቀዳዳና በቀጭኑ መመለሻ ቱቦ ወደ ታንክ መመለስ አለበት። የኤክሊፕሱ ሬጉሌተር በ255 እንኳን የሚቸገር ነው፣ በ11 ቮልት የሚደክም 450 እንደምንም ችሎት ነበር፣ አንተ ቮልቱን ስታስተካክልለት ያ የተጨመረው ፍሰት መውጫ አጣ። ሙሉ ጉልበት ላይ ኢንጀክተሮቹ ስለሚወስዱት ግፊቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ለዛ ነው ላይ ጥሩ ሆኖ ታች የሚያበዛው።

ቱኑ ላይ መቀነስ መፍትሄ አይሆንም፣ ምክንያቱም ግፊቱ አንድ ቦታ አይቆምም፣ ነዳጁ ሲሞቅና የባትሪው ቮልት ሲለዋወጥ አብሮ ይለዋወጣል፣ ቱኑ ደሞ ግፊቱ የታወቀ ነው ብሎ ነው የሚያሰላው። የሚስተካከል ትልቅ ሬጉሌተር ግዛ፣ መመለሻውን እስከ ታንኩ ድረስ ወፈር ባለ በስድስት ኤኤን መጠን ቱቦ ቀይረው፣ ሬጉሌተሩን ብቻ ቀይረህ የድሮውን መመለሻ ከተውከው ብዙ ለውጥ አታይም። ኢ85 የሚችል ቱቦ ይሁን። ከዛ የቫኩም ቱቦውን ነቅለህ 43.5 ላይ አስተካክለው፣ ቱቦውን መልሰህ ስትሰካ ወርዶ ወደ 33 እና 35 መካከል መሆን አለበት፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም እዛው መቆየቱን እይ።

እስከዛ ድረስ ቡስቱን ዋስትጌቱ (ቡስቱን የሚገድበው ቫልቭ) በስፕሪንጉ በሚይዘው ላይ ተወው፣ ከተስተካከለ በኋላም ቱን የሚያደርግልህ ልጅ ከአይድል ጀምሮ እንደገና ይየው፣ ከዛ ነው ወደ 20 የምትመለሰው።